ፈረሱን ፍቱት

የጀልባ ባለቤት በዕድሜው ሁለት የደስታ ቀን አለው ይላሉ አሜሪካኖች፤ አንዱ ጀልባውን የገዛበት፣ ሁለተኛው የሸጠበት። በመካከል ስላለው ዘመን አባባሉ ዝም ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ዝም ያለው አፍሮ ነው፤ የዚያ ዘመን ዋናው ፈተና ያለው ሐይቅ ላይ ሳይሆን ቤት፣ ጋራዥ በር ላይ ነውና። ከ10,000 በላይ ሐይቆችና ከ800,000 በላይ የተመዘገቡ ጀልባዎች ያሉባትን ሚኒሶታን ውሰዱ። ጥቅምት ገብቶ ውኃው ወደ በረዶ ከመቀየሩ በፊት ጀልባው ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበሰባል፤ በየመንደሩም አንድ ዓይነት ትዕይንት ይታያል። አባወራው ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ አንገቱ እስኪጣመም ወደ ኋላ ያያል። ሚስቱ ከተሳቢው ጀርባ ቆማ በሁለት እጇ አየሩን ትቀዝፋለች። ጎረቤት የቅጠል መጥረጊያውን አስደግፎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁለተኛ አስተባባሪ ሆኗል። እሷ «ግራ!» ስትል እሱ «ቀኝ!» ይላል፤ የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዷ የምታወራው ስለ ተሳቢው ነው፣ ሌላው ስለ መሪው። ከብዙ መውጣትና መመለስ በኋላ ወይ የበሩ ጠርዝ ይላጣል፣ ወይ ፓራፋንጎው ይጎብጣል፣ ወይ እራት በዝምታ ይበላል።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ «መንዳት አይችልም» ብሎ ነው የሚያልፈው። ሰውየው ራሱም የሚያምነው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ለከርሞ የተሻለ እነዳለሁ ብሎ ይዝታል። እኔ ግን ፍርዱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ተሳቢ ማስገባት የመንዳት ጉዳይ አይደለም። መኪና ተሳቢውን ከሐይቁ እስከ ደጃፍ ያመጣል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ግን የእጅ ሥራ ናቸው። በየከተማችን ያለ ባለጋሪ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ጋሪውን ጠባብ ግቢ ውስጥ ማሳደር ሲፈልግ ከፈረሱ ጋር የኋሊት አይሟገትም፤ ፈረሱን ይፈታል፣ ዘንጎቹን ይጨብጣል፣ ጋሪውን ራሱ አዙሮ ይከተዋል። አሜሪካዊው ግን 300 የፈረስ ጉልበት ስላለው ብቻ አንዱንም ፈረስ መፍታት አልፈለገም።

ነገሩን ከመለኪያው እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ የአንድ መኪና ጋራዥ በር በአብዛኛው ስፋቱ 8 ወይም 9 ጫማ፣ ቁመቱ 7 ጫማ ነው። ወደ ሜትር ስንመልሰው ስፋቱ 2.44 ወይም 2.74፣ ቁመቱ 2.13 ይመጣል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ መንገድ ላይ የሚጎተት ተሳቢ እስከ 102 ኢንች፣ ማለትም እስከ 2.59 ሜትር፣ መስፋት ይፈቀድለታል። እንግዲህ ሕግ አክብሮ የተሠራ ተሳቢ፣ ልማዱን ጠብቆ ከተሠራ በር በ15 ሳንቲሜትር ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው፤ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፣ የሚጣሉት ሰውየው ቤት ሲገናኙ ነው። ርዝመቱ ከዚህ ይብሳል። «ባለ 16 ጫማ ጀልባ» ተብሎ ሲሸጥ ቁጥሩ የጀልባውን ገላ ብቻ ነው የሚናገረው። ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር አልተቆጠረም፤ ከፊት ወደ መኪናው የሚዘረጋው የመጎተቻ ዘንግም አልተቆጠረም። ሁለቱ ሲደመሩ 16ቱ ጫማ 19 ወይም 20 ይሆናል። የጋራዡ ወለል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ጫማ ነው፤ በዚያ ላይ መደርደሪያውና የውኃ ማሞቂያው የየድርሻቸውን ቀድመው ወስደዋል።

ለዚህ ጥበት መላ አልጠፋለትም። የመጎተቻ ዘንጋቸው በማጠፊያ ወደ ጎን የሚታጠፍ ተሳቢዎች አሉ፤ ሲታጠፍ ሁለት ጫማ ያህል ይተርፋል። ቁመቱም መላ አለው፤ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ ሲያደርጉት የጀልባው ኋላ ዝቅ ይላል፣ ከበሩ ጉበን ጋር የሚላተመው የሞተር ራስም ሹልክ ብሎ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለቱም መላዎች የሚሠሩት ተሳቢው ከመኪናው ሲፈታ ብቻ ነው። መኪናው ላይ እንደተቆለፈ ዘንጉ አይታጠፍም፤ አፍንጫውም ከፍም ዝቅም አይልም፣ ከፍታውን የወሰነለት መኪናው ላይ ያለው የመጎተቻ ኳስ ነውና። ተሳቢውን የሠራው ሰው የመጨረሻዋን ሥራ ለመኪና እንዳልተዋት በብረት ጽፎ ነግሮናል፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ማስረጃ ከተሳቢ ጠባይ ይመጣል። ወደ ፊት ሲጎተት ተሳቢ ገር ነው፤ ትንሽ ቢጣመም መኪናው ስቦ ያቀናዋል። ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ዓመሉ ይለወጣል፤ የተጀመረች ጥቂት መጣመም በራሷ እየሰፋች ትሄዳለች፣ ቶሎ ካልተያዘች ተሳቢውና መኪናው ተጣጥፈው ጎን ለጎን ይፋጠጣሉ። ማረሚያውም መሪውን ወደ ተቃራኒው ማዞር ነው፤ ሰው ደግሞ በተጨነቀ ሰዓት ተቃራኒውን ማሰብ አይቀናውም። ሜዳ ላይ ቢሆን ስህተቱን ለማረም ቦታ አለ። ጋራዥ ውስጥ የለም። 2.13 ሜትር የሚሰፋ ተሳቢ 2.44 ሜትር በሆነ በር ሲገባ በየጎኑ የሚተርፈው 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሦስት ዲግሪ ብቻ ተጣሞ ቢገባ ስድስት ሜትር እስኪዘልቅ ድረስ 31 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ሦስት ዲግሪ ደግሞ በስፖኪዮ ውስጥ ለዓይን አይታይም።

የነገሩን ክብደት ሊቃውንትም መስክረውለታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴሪክ ንጉየንና በርናርድ ዊድሮ ኮምፒውተር ራሱን በራሱ ማስተማር መቻሉን ለማሳየት አንድ ፈታኝ ሥራ ሲፈልጉ የመረጡት ቼዝ አልነበረም፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ መጋዘን በር ላይ እንዲቆም ማድረግን ነው። ኮምፒውተሩ ሥራውን የቻለው በሺህ የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ፣ ደጋግሞ ተሳስቶ ነው። መኪናውም መጋዘኑም በምናብ ያሉ ስለነበሩ የበር ጠርዝ አልተላጠም። አባወራው ግን ያለው አንድ ቅዳሜ፣ አንድ በርና አንዲት ሚስት ናት።

«ዘመኑ ተለውጧል፣ አሁን መኪናው ራሱ ያደርገዋል» የሚል ይመጣል። እውነት አለው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሞዴሉ ኤፍ-150 ፒክአፕ ላይ አንዲት የምትዞር እጀታ ገጠመ፤ ተሳቢው እንዲሄድ ወደፈለጋችሁበት እጀታዋን ታዞራላችሁ፣ መሪውን መኪናው ራሱ ይጠመዝዘዋል። ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ግራና ቀኝን የማምታታቱን ጣጣ ከሰው ላይ አንሥቷል። ዘንጉን ግን አያጥፍም፣ አፍንጫውን ከፍ አያደርግም፣ በሩን በአንድ ጣት አያሰፋም። የጥበቱ ነገር እንደነበረ ነው። ይልቅ ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከአገር ቤት የሚመጣው ነው። ከጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱት የኛ ሾፌሮች የሚጎትቱት ተሳቢ ከፊት የራሱ የሚዞር እግር ስላለው መጋጠሚያው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ወደ ኋላ ሲገፋ የጀልባውን ተሳቢ እጥፍ ያስቸግራል። እነሱ ግን ረዳታቸው ወርዶ «ና! ና! ና! ... በቃ!» እያለላቸው መጋዘን ደጃፍ ላይ ያቆሙታል። ታዲያ አንድ ጀልባ ምን ያቅታል? መልሱ፣ ሾፌሩ የሚሠራው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከራሱ በላይ ጉበን የለበትም፣ ረዳቱም አንድ ነው፣ የሚከራከረው ጎረቤት የለም። ሁለቱም ይህን ሲሠሩ የሚውሉ ባለሙያዎች ናቸው። ባለጀልባው ይህን የሚያደርገው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እጁ ሳይለምደው በረዶው ይመጣል። ሾፌሮቻችንም ቢሆኑ ቦታው ሲጠብባቸው ተሳቢውን ፈትተው ያቆሙታል እንጂ ለክብራቸው ሲሉ ግድግዳ አይደረምሱም።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። የተፈታ ባለ አንድ አክሰል ተሳቢ የሚሽከረከረው በሁለት ጎማዎቹ መካከል ባለች ነጥብ ላይ ነው። አፍንጫውን ይዛችሁ ወደ ግራ ስትሄዱ የጀልባው ኋላ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከፈለጋችሁ ባለበት ቆሞ ሩብ ዙር ይዞራል። መኪና ላይ ተቆልፎ ግን ከተወሰነ በላይ ከታጠፈ ከመኪናው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መኪና ያላት አማራጭ መውጣት፣ መቃናት፣ እንደገና መግባት ብቻ ነው፤ እጅ ግን ያለበት ቦታ ላይ ያቃናዋል። ከዚህም የሚበልጠው እጅ የሚሰማው መሆኑ ነው። በሰው ጉልበት የሚገፋ ተሳቢ የበሩን እንጨት ሲነካ ይቆማል፤ ሰው ግድግዳ የሚያፈርስ ጉልበት የለውም፣ እዚህ ላይ ይህ በረከት ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ፒክአፕ ግን የነካውን አያውቅም። ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው ሬዲዮውን ነው።

«አንድ ቶን የሚጠጋ ነገር በእጅ?» የሚለው ተቃውሞ ቁጥር ይፈልጋል። ባለ 16 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተሩና ከነተሳቢው ከ700 እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ክብደት ግን የሚያርፈው መሬት ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደለም። ጎማው በደንብ የተነፋ ከሆነ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ 900 ኪሎውን እየሄደ ለማቆየት የሚያስፈልገው 15 ኪሎ ያህል ግፊት ነው፤ መጀመሪያ ለማስነሣት ትንሽ ይጨመርበታል። ሁለት በመቶ ዳገት ቢኖር ሌላ 18 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው ይችለዋል፤ ያ ምክር የሚያዘንበው ጎረቤትም በመጨረሻ እጁ ሥራ ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አደገኛው ክብደት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የተሳቢው አፍንጫ ከጠቅላላው ክብደት አሥር በመቶ ገደማ ስለሚሸከም፣ እሱን በወገብ ማንሣት 90 ኪሎ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነው። ይህ ጀግንነት ሐኪም ቤት ያደርሳል። ሥራው የባለጎማው ክሪክ ነው፤ ወይም ሁለት ጎማና አንድ ኳስ ያላት የእጅ መግፊያ ጋሪ። ሞተርና ባትሪ ያላቸውም ይሸጣሉ፤ ቢሆንም ገዢው ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ነው የሚነዳቸው፣ ስለዚህ ከኔ ወገን እቆጥራቸዋለሁ። አክሰሉ ሁለት የሆነ ተሳቢ ግን ባለበት አይዞርም፤ ጎማዎቹ እየተጎተቱ እምቢ ይላሉ፣ እዚያ ላይ ግፊቱ ብቻውን አይበቃም።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ ብዙ ሰው በእሷ ምክንያት ግፊያውን ትቶ ወደ መኪናው የሚመለስባት። የደጁ ሲሚንቶና የጋራዡ ወለል በሚገናኙበት መሥመር ላይ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ፣ ወለሉ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። መኪና ስትገባ ይህች እርከን መኖሯም አይታወቅም። የሚገፋ ሰው ግን እዚህ ሲደርስ ድንገት ድንጋይ የገፋ ይመስለዋል፤ ሁለት ሳንቲሜትር መውጣት ለጎማ ቀላል መስላ ብትታይም ከጠፍጣፋው ወለል ብዙ እጥፍ ጉልበት ትጠይቃለች። ትልልቆቹ ጎማዎች እንደምንም ካለፏት በኋላ ሥራው ሊያልቅ ሲል የክሪኩ ትንሽ ጎማ ይመጣና አፉ ላይ ይሰነቀራል። መድኃኒቷ ጫፉ ሰያፍ ሆኖ የተጠረበ አንድ ጣውላ ነው፤ እርከኗ ላይ ይነጠፋል፣ ጎማው ሳይታወቀው ይወጣል። ከጀልባው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከዚህ የረከሰ ዕቃ የለም። ቢሆንም ሰው ካሜራ ያለው አዲስ ፒክአፕ ይገዛል እንጂ ጣውላ አይፈልግም።

ዳገት ላይ ያለ ቤትን በተመለከተ ተቃዋሚዬ ትክክል ነው፤ አልክድም። ደጁ አሥር በመቶ ቢያዘነብል 900 ኪሎው በ90 ኪሎ ጉልበት ቁልቁል ይጎትታል፤ ያመለጠ ተሳቢ ደግሞ አላፊ አግዳሚ አይመርጥም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሰው ትከሻ አይታመንም። እዚያ ቤት የሚሠራው ሌላ ነው፤ መኪናው ተሳቢውን በሩ አፍ ላይ ያደርሰዋል፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፣ ከጋራዡ የኋላ ግድግዳ ጋር በደንብ የታሰረ ዊንች ገመዱን ይዘረጋለታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈታል። የሚስበው ማሽን ቢሆንም ሰውየው ቆሞ ማዕዘኑን እያየ ነው የሚስበው። መኪና ውስጥ የለም። የኔ ክርክርም የፈለገችው ይህችኑ ነው።

«እኔ ሐይቁ ዳር በአንድ ጊዜ ነው የማስገባው» የሚል ኩሩም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሐይቅ ግን ሰፊ ነው፣ በላዩ ጉበን የለውም፣ ውኃም ቀለም አይልጥም። በዚያ ችሎታ ጋራዥ ውስጥ መመካት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን መርሳት ነው። «ለምን ማቆሚያ ቦታ አይከራይም?» ለሚለው ደግሞ፣ ጀልባው ከጋራዡ ከረዘመ በእርግጥ ይከራይ፤ ምንም ዓይነት ጥበብ ብረት አያሳጥርም። ከጋራዡ ላልረዘመ ጀልባ ግን በየወሩ መክፈል ምክንያት ያስፈልገዋል። «ደጅ ይደር» ማለትም ሁልጊዜ አይሆንም፤ በብዙ መንደሮች የነዋሪዎች ማኅበር ጀልባ ከቤት ፊት እንዳይቆም ይከለክላል፣ የተከለከለውንም የሚጠቁመው ያው የቅጠል መጥረጊያ የያዘው ጎረቤት ነው።

እስካሁን ያልነካሁት ዋና መሰናክል ግን አንድ አለ፤ እሱም ከመኪናም ከእጅም ጋር አይገናኝም። የሎስ አንጀለሱ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መካከለኛ ኑሮ ያላቸውን 32 ቤተሰቦች ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ፎቶ እያነሡ መዝግበው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከጋራዦቹ ሦስት አራተኛው መኪና ማስገቢያ ቦታ አልነበራቸውም፤ በአሮጌ ወንበር፣ በሣጥንና በካርቶን ተሞልተው መኪናው ደጅ ያድራል። እንግዲህ ጋራዡ ጠበበኝ የሚለው ሰው የሚሟገተው ብዙ ጊዜ ከግንበኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ ካርቶኖች ጋር ነው። በሩ 8 ጫማ ሆኖ የተሠራለት ሰው በሁለቱ ግድግዳ ዳር ዕቃ ደርድሮ 6 ጫማ አደረገው፤ ከዚያ ተሳቢው ሰፊ ነው ብሎ አማረረ። ካርቶን ደግሞ በኋላ ማርሽ አይወጣም፤ እሱም የእጅ ሥራ ነው።

ጀልባው ገብቶ ካለቀ በኋላ ላንባቢ የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል። የጋራዥ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም። ከመኪና የሚንጠባጠበው በረዶና ውኃ እንዲወጣ ሲባል ወደ በሩ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ያዘነብላል፤ በስድስት ሜትር ውስጥ ከ6 እስከ 12 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሲገፋ ዳገት የሆነባችሁ ወለል ስትለቁት ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ከተሳቢው ላይ እጃችሁን ሳታነሡ በፊት ሁለቱንም ጎማዎች በበሩ በኩል በታኮ ያዟቸው።